ሰባት ብዬ ያነበብኩት አንድ

ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ጌስት ሀውስ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ጀልባ የሚፈልግ እንግዳ ስሙን፣ ስልኩንና የሚነሳበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ በእጁ ይጽፋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እንዲጽፉ አስቀድሜ አስረዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ስህተት ይፈጠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አንዲት ጀርመናዊት ዘጌ ለመሄድ ተመዘገበች። ሰዓቱ 7 ይላል። ባለጀልባው ጋ ደወልኩ።

«እታለም፣ ከምሳ በኋላ እኮ ነፋስ ይነሳል። ጠዋት አይሻላትም?» አሉኝ።

«እሷ ናት የመረጠችው፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ስገባ ሴትዮዋ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቃለች። መዝገቡን ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። የጻፈችው 1 ነው!

ቀረብ ብዬ አየሁት። የእሷ አንድ የሚጀምረው ከታች፣ ከመስመሩ አጠገብ ነው። ቀጭን ጭረት ሽቅብ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይታጠፍና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እኔ አንድን በአንድ ጭረት ብቻ ስለምጽፍ፣ አናት ያለው ሁሉ ሰባት ይመስለኛል። እሷ ግን ሰባትን ከአንድ እንዲለይ ወገቡ ላይ በአጭር ሰረዝ ታቋርጠዋለች። እዚያው መስመር ላይ፣ ስልኳ ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰባቶች ነበሩ። አላየኋቸውም።

ባለጀልባው ጠዋቱን ሌላ ሰው ይዘው ወጥተው ስለነበር የሄደችው ከሰዓት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብቻ አይታ፣ ማዕበሉ እያረጠባት ተመለሰች። እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ሳምንት የቆዩ መዝገቦችን አውጥቼ ቁጥር በቁጥር አነጻጸርኩ። ብዙ አውሮፓውያን ሰባትን ያቋርጣሉ። አሜሪካውያኑ አብዛኞቹ እንደ እኔ ነው የሚጽፉት፤ አንዱ ዘንግ፣ ሰባቱ ያለ ሰረዝ። አራትን አንዳንዱ አናቱን ክፍት ይተወዋል። የሚዘጋው ደግሞ ሲቸኩል ዘጠኝ ያስመስለዋል። አንድ ሱዳናዊ እንግዳ ስልካቸውን በዐረብኛ ቁጥር ጽፈዋል። ዜሮው ነጥብ ነው፣ አምስቱ ክብ፣ ስድስቱ ደግሞ የእኛን ሰባት ይመስላል። እንዲህ ያለውን በግምት ማንበብ አይሆንም፤ ሰውየውን መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ በየአገሩ ልመድብ አስቤ ነበር። ብዙ አልሄደልኝም። አንድን በዘንግ የሚጽፍ ጀርመናዊም አገኘሁ። የጠቀመኝ የሰውየውን ቁጥር ከራሱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ስልኩ ይበቃል። በግዕዝም ፮ እና ፯ ሲምታቱብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ እዚያው ገጽ ላይ ጸሐፊው ሌላ ቦታ እንዴት እንደጻፋቸው አያለሁ።

አሁን ሰዓቱን ድምፄን አውጥቼ አነብላቸዋለሁ። ለባለጀልባውም «ጠዋት አንድ ሰዓት» ብዬ በፊደል እልካለሁ። ከ0 እስከ 9 በእጃቸው የሚጽፉበት ወረቀትም መዝገቡ ሽፋን ውስጥ ለጥፌአለሁ። የመጀመሪያውን መስመር የጻፈችልኝ ያቺው ጀርመናዊት ናት፣ ከዘጌ በተመለሰች ማታ፣ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ።