ወጨጫ፣ በሁለተኛው ሙከራ

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ሁሉ ወጨጫን ያውቀዋል። ስሙን ላያውቅ ይችላል። ማታ ማታ ፀሐይ ከጀርባው የምትጠልቅበት ያ ሰፊና ጥቁር ተራራ ነው። እኔ አየር ጤና አካባቢ ስኖር ለስምንት ዓመት በየምሽቱ አይቼዋለሁ። እዚያ ጫፍ ላይ እቆማለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ተራራ መውጣት ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ስሜንና ባሌ ነበሩ። ከፍታው 3,385 ሜትር መሆኑን የሰማሁ ዕለት ነው ልቤ የተነሳው። ከእንጦጦም ይበልጣል። ደግሞ ጠዋት ወጥቼ ማታ እራቴን ቤቴ የምበላበት ቦታ ላይ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። እሱን ሳልናገር ሁለተኛውን ባወራ የሚጠቅም ነገር አይኖረውም።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነበር። አደይ አበባው ሜዳውን ሁሉ ሞልቶታል። ሦስት ጓደኛሞች በአንድ መኪና ተነሳን። ሰበታ ቁርስ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ጨዋታ ያዝን። ከዚያ ከጅማ መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥለን ወደ መናገሻ ሱባ ደን የሚወስደውን የፒስታ መንገድ ያዝን። ክረምቱ ገና ወጣ ማለቱ ስለነበር ጭቃው አልደረቀም፤ ሁለት ቦታ መኪናውን ያዘን። የደኑ በር ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ከፍለን ስንገባ አብረውን የወጡት አንድ የደን ጠባቂ ናቸው። እድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና “ልጆቼ፣ ዛሬ ደኑን ብታዩ ነው የሚሻላችሁ” አሉን። እኔ ግን “ጋሼ፣ እንፈጥናለን” አልኩ። የመጀመሪያውን ሰዓት በሩጫ ነው የሄድነው ማለት ይቻላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከትልልቆቹ ዛፎች በላይ ነበርን። ጉም ወረደብን። ከሰበታ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። እሳቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። “ከዚህ በላይ የሚረዝም ዛፍ የለም። መብረቅ ቢመጣ ረጅሙ አንተ ነህ” አሉኝ። ተመለስን። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በክረምትና በክረምት ማግስት ዝናቡ በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ገላጣው ላይ የደረስነው ልክ ዝናቡ በሚመጣበት ሰዓት ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ኅዳር ላይ ሆነ። የጠባቂውን ስልክ ይዤ ስለነበር በዋዜማው ደወልኩላቸው። መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ጫፍ ድረስ መውጣት መቻሉን ጠየቅኩ። ይህን መጠየቅ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። ከቤት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ቁርሳችንን መኪና ውስጥ በላን። ልክ አንድ ሰዓት ላይ እግራችን መንገዱን ጀመረ። ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ተስማማን፦ ሰባት ሰዓት ሲሞላ የትም እንሁን የት እንመለሳለን። እኛ አገር ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ጨለማው ጊዜ አይሰጥም። ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ከሆንክ ከዚያም በፊት ይጨልማል።

ደኑን እንዴት ብዬ ልግለጸው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። እነዚያን ጽዶች ቀና ብለህ ስታይ ነገሩን ለማመን አይቸግርህም። ከአንዱ ግንድ ሥር ቆሜ ሁለት እጄን ዘርግቼ አቀፍኩት፤ ግማሹን እንኳ አልደረስኩበትም። ቅርፊቱ በቁመቱ እየተሰነጠቀ እንደ ገመድ ይላጣል። አፍንጫህን ስታስጠጋው አዲስ የተላገ ሳንቃ ይሸታል። ከበላያችን ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንጠለጠሉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። አንድ የምኒልክ ድኩላ መንገዱን አቋርጦ ከመጥፋቱ በፊት ለአፍታ ቆሞ አየን። ከአዲስ አበባ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ እንዲህ ያለ ጫካ መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሊጠበቅም ይገባዋል። ላስቲክና ጠርሙስ ጥሎ የሚመለስ ሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

በዚህ ጊዜ ከፊት የሚሄዱት ጠባቂው ነበሩ። ቶሎ ቶሎ ስራመድ ሳይዞሩ “ሱታ” ይሉኛል። በኦሮምኛ “በቀስታ” ማለት ነው። ሱታ፣ ሱታ። ከእሳቸው የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። እሳቸው ጫፍ እስኪደርሱ አንድ ጊዜም አላለከለኩም፤ እርምጃቸው ሜዳውም ላይ ዳገቱም ላይ አንድ ነው። እኔ ራሴን የምፈትነው በወሬ ነበር። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንን ከፍታ አይነካንም ብለን እናስባለን። ከተማችን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና የለመድነው ነገር አለ። ጫፉ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ከደኑ በር እስከዚያ ወደ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። አንዱ ጓደኛችን ወደ ላይ ስንጠጋ ራሱን ያመው ጀመር። ተቀመጥን፣ ውኃ ጠጣ፣ ሩብ ሰዓት አረፍን። ባይተወው ኖሮ አብረን ልንወርድ ነበር፤ ደግነቱ ተወው።

ጽዱ ሲያልቅ ኮሶና አምጃ የሚባሉት ዛፎች ይመጣሉ፤ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ። እዚህ ጋ ሱሪ አታሳጥሩ። ሳማው መንገዱ ዳር እስከ ጉልበት ይደርሳል። የእጄ ጀርባ ነክቶት እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር አጣን።

ነፋሱ ይበርዳል። ከሥር ሙቀት ነበር፤ ላይ ስትደርስ ግን በላብ የራሰው የጥጥ ቲሸርት እንደ በረዶ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። በመጀመሪያው ጉዞ ስለተማርኩ ደረቅ ቲሸርትና ሹራብ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ልብስ መቀየር ነው፤ ፎቶው ቀጥሎ። በምሥራቅ በኩል አዲስ አበባ ተዘርግታለች፤ ከኋላዋ የእንጦጦ ጋራ። በደቡብ ምሥራቅ ራቅ ብሎ የዝቋላ ዝርግ አናት ይታያል። ወጨጫም እንደ ዝቋላ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ሰፈሬን በዓይኔ ፈለግሁ። ሕንፃዎቹ ተደባልቀው አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልኩም፤ ግን እዚያ ቦታ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ያየሁትን ተራራ ረግጬ ወደ መስኮቴ ማየት ትልቅ ደስታ ሰጠኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ምሳችን በሶ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ብስኩትና ለስላሳ ይዘን ሄደን፣ ሰዓት ሳይቆይ ጉልበታችን ከድቶናል። በሶው በውኃ ተበጥብጦ አንድ ኩባያ ሲጠጣ እስከ መጨረሻው ያዘን። ጠባቂው ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ጭኮ አውጥተው ቆርሰው ሰጡን። ቅቤው በብርዱ ረግቶ ጠንክሯል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው የሚቀልጠው። ውኃ ለእያንዳንዳችን ሦስት ሊትር ይዘን ነበር፤ አልተረፈም።

ቁልቁለቱን ንቀነው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዳገቱ ይብሳል። ሲወጣ የሚደክመው ትንፋሽ ነው፤ ሲወረድ የሚያልቀው ጉልበት ነው። ከመውረዴ በፊት የጫማዬን ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚቴ ጋ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። እግርህ ወደ ፊት ከተንሸራተተ አውራ ጣትህ የጫማውን ጫፍ ሲመታ ይውላል። ጓደኛዬ አላሰረም፤ የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍር ጠቆረ። ጥፍርም በዋዜማው መቆረጥ አለበት። እኔ ከደኑ የወደቀ ደረቅ እንጨት አንስቼ ተመረኮዝኩ፤ ጉልበቴን በጣም ነው ያገዘኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ደረስን። ፀሐይ ገና ከፍ ብላለች። ጠባቂውን አመስግኜ ስሰናበት እጄን ያዙና “ልጄ፣ ጫፍ ላይ ያነሳኸኝን ፎቶ ታሳጥብልኛለህ?” አሉኝ። የያዙት ስልክ ፎቶ የማይቀበል ትንሽ ስልክ ነው። “የመጣ ሁሉ ያነሳኛል። አንድም አልደረሰኝም” አሉ።

ሰኞ ዕለት በትልቁ አሳጠብኩት። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸው ከተማችን። ቅዳሜ ሱባ ስሄድ ይዤላቸው እሄዳለሁ።