የአምባዛ ጉሮሮና የፒንሳ ምርጫ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቢላዋውን ያያል፣ ሚዛኑን ያያል፣ ትርፍራፊ የሚሻማውን አባ ኮዳ ያያል። ፒንሳውን ግን ማንም ልብ አይለውም። እኔ በአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ንብረት ክፍል ስለምሠራ መረቡም፣ ገመዱም፣ መንጠቆውም የሚያልፈው በእጄ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ሰውን በቶሎ የሚጎዳው ርካሽ ፒንሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ዓሣው እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐይቃችን ቆሮሶ በአብዛኛው በመረብ ነው የሚያዘው። አምባዛ ግን ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ይጠመዳል፤ ገመዱ ማታ ይዘረጋል፣ ንጋት ላይ ይሰበሰባል። ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ያገኘ አምባዛ ደግሞ መንጠቆውን ከንፈሩ ላይ አያቆየውም፣ ይውጠዋል። የአምባዛ ጭንቅላት ከቁመቱ ሩብ ግድም ወይም ከዚያ በላይ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አምባዛ ጭንቅላቱ ብቻ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የተዋጠው መንጠቆ ያለው ከዚያ ርቀት መጨረሻ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሹል ፒንሳ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም፣ ከመገጣጠሚያው ወዲያ ያለው አፉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀሪውን ርቀት የሚሞላው የሰው ጣት ነው።

በማኅበራችን በፒንሳ ምክንያት አደጋ የደረሰ ዕለት ጀልባዋ ዳር ደርሳ ዓሣ እየተራገፈ ነበር። አንድ ወጣት አባል ትልቅ አምባዛ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ መንጠቆውን በፒንሳ ይስባል። አንድ አንጋፋ አጥማጅ የዓሣውን ጭንቅላት በጨርቅ ይዘውለታል። ፒንሳው ከተገዛ ብዙም አልቆየም፤ ሆኖም መገጣጠሚያው ላልቶ ሁለቱ አፎች ጎን ለጎን ይተላለፉ ነበር። አምባዛ ከውሃ ከወጣ በኋላም አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ቶሎ አይሞትም፤ ያለቀለት መስሎ ተጋድሞ ድንገት ይፈራገጣል። መንጠቆው ከጉሮሮው ተላቅቆ አፉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዓሣው ተወራጨ፣ የላላው ፒንሳ ለቀቀ፣ መንጠቆው የአንጋፋው አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ውስጥ ተሰካ።

«ጋሼ፣ ፒንሳው አልያዘልኝም!» አለ ልጁ፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ተረጋጋ ልጄ። ገመዱን ቁረጥልኝ፤ እንዳትስበው ብቻ።»

በፒንሳው መቁረጫ ሞከረ፤ ክሩን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። በመጨረሻ በቢላዋ ነው የተቆረጠው። «አትሳበው» ማለታቸው እጃቸውን አድኗቸዋል። መንጠቆ ከጫፉ ኋላ ወደ መጣበት የሚያይ ጥርስ አለው፤ ሲሳብ ሥጋውን ይዞ ይቀደዳል። ጤና ጣቢያ ማደንዘዣ ተወጉና የመንጠቆው ጫፍ ወደ ፊት ተገፍቶ በቆዳው በኩል እንዲወጣ ተደረገ፣ ጥርሱ ተቆረጠ፣ ቀሪው በገባበት ተመለሰ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተሰጣቸው። እግረ መንገዴን ልናገር፦ መንጠቆ ዓይን አካባቢ ከገባ ማንም ሰው ሊነካው አይገባም፤ እንዳለ ሆኖ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛ ዕቃ ነው፤ ደንቡ ተከብሯል። ሊቀመንበራችን «ፒንሳ ያው ፒንሳ አይደል እንዴ?» አሉ። እጀታውን ጨብጬ አፉን ወዲያና ወዲህ ስነቀንቀው ጫፎቹ ሲተላለፉ ሁሉም አዩ። ያለ ዝርዝር መስፈርት ፕሮፎርማ መሰብሰብ ዋጋን እንጂ ዕቃን አያወዳድርም አልኩ። «እንግዲያው መስፈርቱን አንቺው ጻፊው» ተባልኩ።

መናኸሪያ አካባቢ ያሉትን የዕቃ መደብሮች ዞርኩ። የምንፈልገው ነገር ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች ይልቅ ከመካኒኮች ዘንድ ተገኘ፤ እጅ የማይደርስበት የሞተር ክፍል ውስጥ ገብተው ክሊፕና ቱቦ የሚያወጡበት፣ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም አፍ ፒንሳ ነው። ሲመረጥ ጠቅላላ ርዝመቱን ሳይሆን ከመገጣጠሚያው እስከ ጫፉ ያለውን መለካት ነው። ርዝመት ደግሞ በነጻ አይገኝም። አፉ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አፉ ረጅም፣ እጀታው አጭር የሆነውን ተዉት። መንጠቆውን ይደርስበታል፣ አይዘውም።

ከሁሉም በላይ የማየው መገጣጠሚያውን ነው። ከፍቼ ጎን ለጎን እነቀንቀዋለሁ፤ ትንሽ እንኳ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልገዛውም። ገና አዲስ ሆኖ የላላ ዕቃ ሥራ ላይ አይጠብቅም። ቀጥሎ ቀስ ብዬ እዘጋውና ወደ ብርሃን አቀናዋለሁ፤ መጀመሪያ መገናኘት ያለባቸው ጫፎቹ ናቸው። መሃሉ ቀድሞ ከገጠመ ጫፉ ክፍት ይቀራል። በመጨረሻ በጫፉ ምስማር እይዝና እጄን እጠመዝዛለሁ። ረጅም አፍ ቀጭን ብረት ከሆነ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ አንዱ አፍ ከሌላው ላይ ይወጣል። መንጠቆ የሚወጣው በቀጥታ ተስቦ አይደለም፤ ጉብጠቱ ላይ ተይዞ፣ ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ ተጠምዝዞ ነውና ይህን ፈተና የማያልፍ ፒንሳ ለእኛ አይሆንም።

ስለ ብረቱ አንድ ባለሱቅ ማግኔት አውጥቶ «የማይስበው የማይዝገው ነው» አለኝ። ይህ ምክር ለሳህንና ለማንኪያ ይረዳ ይሆናል፣ ለፒንሳ ግን ያሳስታል። ለቢላዋና ለፒንሳ የሚሆነው የማይዝግ ብረት፣ ለምሳሌ 420 የሚባለው፣ በሙቀት የሚጠነክር ዓይነት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት የማይስበው የተለመደው 304 ደግሞ በሙቀት አይጠነክርምና ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ለባሕር አጥማጆች የሚሠራው ባለአሉሚኒየም ፒንሳ ጨው እንዳይበላው ታስቦ ነው ዋጋው የሚሰቀለው። የእኛ ሐይቅ የባሕር ጨው የለበትም፤ ያንን ገንዘብ ለጠንካራ መገጣጠሚያ ብናውለው ይሻላል።

የገዛናቸው ክሮም የተቀቡ የመካኒክ ፒንሳዎች ናቸው። ቅቡ ሲላጥ እንደሚዝጉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ታጥበውና ደርቀው መገጣጠሚያቸው ላይ ጠብታ የማሽን ዘይት ሳያርፍ መጋዘን አይገቡም። እጀታቸው የዓሣ ልጋግ ሲነካው እንዳያሟልጭ ሸካራ ነው፣ ውሃ ውስጥ እንዳይሰምጡም በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራሉ። የመንጠቆ ብረት ጠንካራ ስለሆነ የፒንሳውን መቁረጫ ይሸርፈዋል፤ ለዚያ በየጀልባው ለብቻው የሽቦ መቁረጫ ተቀምጧል።

አንጋፋው አጥማጅ እጃቸው ድኖ ተመልሰዋል። አሁን እሳቸው የሚወተውቱኝ ስለ መንጠቆው ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠመዘዘው ክብ መንጠቆ ብዙውን ጊዜ የአፍ ጥግ ላይ ስለሚይዝ የሚዋጠው ይቀንሳል። ለቀጣዩ ግዢ የክብ መንጠቆውን መስፈርት ጽፌ አስገብቻለሁ፤ መጀመሪያ በአንድ ገመድ ላይ ከተለመደው ጋር እያፈራረቅን እንሞክረዋለን።