ለኤስፕሬሶ የሚሆን የእጅ ቡና መፍጫ፦ ከውበቱ በፊት ክሊኩን እዩ

ጀበና ሆደ ሰፊ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ከፊሉ ዱቄት፣ ከፊሉ ገርደፍ ያለ ቢሆንም አብሮ ስለሚፈላና ዝቃጩ እስኪረጋ ስለሚጠበቅ አቦሉ ይጣፍጣል። ኤስፕሬሶ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ወደ 93 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ9 ባር ግፊት ተገፍቶ 18 ግራም ቡናን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አቋርጦ መውጣት አለበት። ውሃውን ይዞ የሚያዘገየው በዋናነት የቡናው መላም ነው። ትንሽ ከገረደፈ ውሃው ሮጦ ያልፋል፤ ትንሽ ከላመ ጭራሽ አይወርድም። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። መፍጫ ስትገዙ የምትከፍሉት ያንን ጠባብ ቦታ ማግኘት እንድትችሉ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ መፍጫውን በተገኘው ማለፍ አያዋጣም። በጀታችሁ ውስን ከሆነ ከማሽኑ ቀንሳችሁ መፍጫው ላይ ጨምሩ። የእጅ መፍጫ ሞተር ስለሌለው ገንዘባችሁ የሚያርፈው ጥርሱ፣ ዘንጉና ኩሽኔታው ላይ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ የኤሌክትሪክ መፍጫ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይፈጫል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ እንደ ፍሌር ወይም ካፌላት ሮቦት ካለ በእጅ ከሚጫን ማሽን ጋር ሲጣመር የሚያስፈልጋችሁ የፈላ ውሃ ብቻ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የማሽናችሁን ወንፊት፣ ማለትም የተፈጨው ቡና የሚገባበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ዕቃ፣ ፈትሹ። ከፖርታ ፊልተሩ (ማሽኑ ላይ ከሚገጠመው ባለ እጀታ መያዣ) አውጡትና ገልብጣችሁ ታቹን ተመልከቱ። ታቹ በሙሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ከሆነ ደህና ነው። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ካለችው ግን ድርብ ግድግዳ ያለው፣ ግፊቱን ራሱ የሚፈጥር ወንፊት ነው። እንዲህ ባለ ወንፊት ላይ ጥሩ መፍጫና መካከለኛ መፍጫ እምብዛም አይለዩም፤ የምታዩት አረፋም ከቀዳዳዋ የተፈጠረ እንጂ እውነተኛ ክሬማ (ከኤስፕሬሶ ላይ የሚቀመጠው ቡናማ አረፋ) አይደለም። ለማሽናችሁ የሚሆን ባለ አንድ ግድግዳ ወንፊት አስቀድማችሁ ፈልጉ። ስፋቱ ለዴሎንጊ ዴዲካ ማሽን 51፣ ለጋጂያ ክላሲክ 58 ሚሊ ሜትር ነው።

አንድ ክሊክ ስንት ነው?

የእጅ መፍጫ ሁሉ አሠራሩ ይመሳሰላል። መሐል ላይ ሾጣጣ ጥርስ አለ፤ ዙሪያውን ቀለበት ጥርስ ይከበዋል። እጀታውን ስታዞሩ ዘንጉ ሾጣጣውን ያዞረዋል፣ ፍሬው በሁለቱ መካከል እየተሰበረና እየላመ ይወርዳል። ማስተካከያው ሾጣጣውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከፍ ሲል ክፍተቱ ይጠባል፣ ቡናው ይልማል። ማስተካከያውን ስታዞሩ ቀጭ የምትለው እያንዳንዷ ድምፅ አንድ ክሊክ ናት፤ ለኤስፕሬሶ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበትም የዚህች ክሊክ መጠን ነው።

ታይምሞር ሲ2 ብዙ ሰው እጅ የገባ፣ ለዋጋው ጥሩ የሆነ መፍጫ ነው። ነገር ግን አንድ ሙሉ ዙር 12 ክሊክ ብቻ ስላለው እያንዳንዷ ክሊክ ሾጣጣውን ወደ 83 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ታንቀሳቅሰዋለች። በተግባር ሲታይ በአንዷ ክሊክ ላይ ቡናው በ15 ሰከንድ ይንዶለዶላል፤ በቀጣዩዋ ማሽኑ ይታነቃል። የምትፈልጉት ቦታ በሁለቱ ክሊኮች መካከል ቀርቷል፣ እዚያ የምትደርሱበት መንገድም የለም። ለፊልተር፣ ማለትም በወረቀት ተጣርቶ ለሚወርድ ቡና፣ ግሩም መፍጫ ነው፤ ለኤስፕሬሶ ግን አትግዙት። የዚሁ ኩባንያ ሲ3 ኢኤስፒ ክሊኩ ወደ 23 ማይክሮን ወርዷል፤ ይሠራል። ኪንግራይንደር ኬ6 በአንድ ዙር 60 ክሊክ አለው፣ እያንዳንዷ 16 ማይክሮን ናት። የታይዋኑ ዋንዜድፕሬሶ ጄ-አልትራ 8 ማይክሮን ላይ ይቆማል። ጀርመን ሠራሹ ኮማንዳንቴ ሲ40 በተፈጥሮው 30 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ሬድ ክሊክስ የተባለው ተጨማሪ ዕቃ ሲገጠምለት ግማሹ ይሆናል። ኪኑ ኤም47 ደግሞ ክሊክ የሚባል ነገር የለውም፣ እንደፈለጋችሁ ይዞራል።

ማስታወቂያዎች የማያብራሩት አንድ ነገር አለ። የሚጻፈው ማይክሮን ሾጣጣው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት እንጂ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት አይደለም። ጥርሱ ሾጣጣ ስለሆነ ክፍተቱ የሚለወጠው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። የሾጣጣው አንግል ደግሞ ከመፍጫ መፍጫ ይለያያል። ስለዚህ የሰው ቁጥር ለራሱ መፍጫ ብቻ ነው፤ ጓደኛችሁ «እኔ 40 ላይ ነው የምፈጨው» ቢላችሁ ያው ዓይነት መፍጫ ከሌላችሁ አይጠቅማችሁም። በደምሳሳው ግን ከ20 ማይክሮን በታች የሆነ ክሊክ ለኤስፕሬሶ አያስቸግርም። ከ30 በላይ ከሆነ ቡና በለወጣችሁ ቁጥር ትቸገራላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዘንጉ ነው። ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙ ከሆነ ክሊኩን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱና በሥር በኩል ሾጣጣውን በጣት ወደ ጎን ግፉት። ከተወዛወዘ መልሱት። ጥሩ መፍጫ ዘንጉን ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታ ይይዘዋል፤ ርካሾቹ ሴራሚክ ጥርስ ያላቸው መፍጫዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚይዙት በፕላስቲክ ነው። ዘንጉ ሲወዛወዝ ክፍተቱ በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ይጠባል፣ ከአንድ ፍሬ ዱቄትም ስባሪም ይወጣል።

የጥርሱ ስፋት የሚወስነው በዋናነት ድካማችሁን ነው። 38 ሚሊ ሜትር በሆነ ጥርስ 18 ግራም ለኤስፕሬሶ መፍጨት ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ 48 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በታች ይጠናቀቃል። ጠዋት ለሁለት ሰው የምታፈሉ ከሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙን አካል ጨብጣችሁ መያዝ መቻላችሁን አረጋግጡ። ማስተካከያው ከውጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥሩን ፈታችሁ የምታስተካክሉት ከሆነ ሥራው ይበዛል።

በእኔ ግምት 100 ዶላር አካባቢ ላለው ሰው ኬ6 ይበቃዋል። የእጥፉን ያህል ማውጣት የሚችል ጄ-አልትራን ይውሰድ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስልኩ ከሆነ የመፍጫውን ሙሉ ስም ጻፉለት፤ በአንድ ኩባንያ ስም ለፊልተርም ለኤስፕሬሶም የተሠሩ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው መፍጫዎች አሉና።

ቡናው ራሱ

የእኛ ቡና ለእጅ መፍጫ ቀላል አይደለም። የይርጋጨፌና የጉጂ ፍሬ ትንሽና ጠጣር ነው፤ ቀለል ተደርጎ ከተቆላ ደግሞ ይብሳል፣ ክንድ ይፈትናል። እንዲህ ያለው ቡና ከጠቆረው ቆላ ይልቅ ልም ብሎ መፈጨት ይፈልጋል፤ ክሊኩን ሳትነኩ የጠቆረውን ቆላ ቀለል ተደርጎ በተቆላው ብትለውጡት ውሃው ይሮጥባችኋል።

ቤት ውስጥ በምጣድ የምትቆሉ ከሆነ ሁለት ነገር አስቡ። ለጀበና ቡና ቆልቶ ወዲያው ማፍላት ባህላችን ነው፣ ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው። ለኤስፕሬሶ ግን የዕለቱ ቆላ አይሆንም። ትኩስ ፍሬ ውስጥ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊቱ ወቅት ስለሚወጣ ውሃው በወጉ አያልፍም፤ ጽዋው በአረፋ ይሞላና ጣዕሙ ስልና ጎምዛዛ ይሆናል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል አቆዩት። ሌላው፣ ምጣድ ላይ ከፊሉ ጠቁሮ ከፊሉ ቡናማ ሆኖ የቀረ ቡና እኩል አይፈጭም። የጠቆረው ይደቅቃል፣ ያልበሰለው ይገረድፋል። መፍጫው ምንም ቢሻል ይህን አያስተካክለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ቡናችሁን ልቀሙ። በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ውስጥ የፍሬ ቀለም ያላት ጠጠር አትጠፋም። ሙቀጫ ጠጠሯን ያደቅቃታል፣ የመፍጫ ጥርስ ግን ጠርዙ ይሸረፋል። እያዞራችሁ ሳለ እጀታው በድንገት ግትር ብሎ ከቆመና ብረት የሚቧጥጥ ድምፅ ከሰማችሁ በጉልበት አትግፉ። እጀታውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መልሱት፣ ክሊኩን በሰፊው ክፈቱ፣ ያለውን ቡና ወረቀት ላይ ገልብጡና ጠጠሯን ፈልጉ። ኮረሪማም በመፍጫው አይፈጭ፤ ሽታውና ዘይቱ ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ለሳምንታት በየጽዋው ውስጥ ይመጣል።

አፈጫጩ

መጀመሪያ ዜሮውን አግኙ። መፍጫው ባዶ ሆኖ እጀታውን ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ክሊኩን ጥበቡ። ጥርሶቹ መነካካት ሲጀምሩ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ትንሽ ስትጨምሩ እጀታው በራሱ ክብደት መውረዱን ያቆማል። እዚያ ጋ ዜሮ በሉት። ከዚያ በላይ አታጥብቁ፣ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። በኬ6 ከዜሮ 40 ክሊክ ከፍቶ መጀመር ደህና መነሻ ነው።

0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ያለ ሚዛን የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው። 18 ግራም መዝኑ። ፍሬው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጋችሁ ነቅንቁት። ይህ የማይረባ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ እነክሪስቶፈር ሄንደን በ2023 ያሳተሙት ጥናት እርጥበቱ ሲፈጭ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚቀንስና ቡናው እንዳይጓጉል እንደሚያደርግ አሳይቷል። ዱቄቱ መፍጫው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው በዚሁ ሙል ምክንያት ነው።

ስትፈጩ መፍጫውን አዘንብሉት፣ ወደ 45 ዲግሪ። ፍሬው አንድ ባንድ ወደ ጥርሱ ስለሚገባ እጀታው ይቀላል፣ የተፈጨውም ይበልጥ እኩል ይሆናል። ግን ዛሬ አዘንብላችሁ ነገ ቀጥ አድርጋችሁ ከፈጫችሁ በአንድ ክሊክ ላይ ሁለት ዓይነት ቡና ታገኛላችሁ፤ አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት። ሲያልቅ እጀታው ቀልሎ ይሽከረከራል፤ ጎኑን መታ መታ አድርጋችሁ የቀረውን አውርዱ።

ዱቄቱን ወንፊቱ ውስጥ ከገለበጣችሁ በኋላ 0.4 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀጭን መርፌ ከታች እስከ ላይ አማስሉት። ጥቂት መርፌዎች ቡሽ ላይ ብትሰኩ ይበቃል። ከዚያ ታምፐሩን (የዱቄቱን መጠቅጠቂያ) ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ። የጫናው ኃይል ብዙ አያሳስብም፤ ወደ ጎን መዝመሙ ግን ያበላሻል፣ ውሃ ሁልጊዜ በቀጭኑ በኩል ይሄዳልና።

አሁን ጽዋውን ሚዛን ላይ አድርጉና ሰዓት ያዙ። ከ18 ግራም ቡና 36 ግራም ኤስፕሬሶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ከወጣ ቅመሱት። በ15 ሰከንድ ከወጣና ኮምጣጣ፣ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ሁለት ሦስት ክሊክ አጥብቡ። ጠብ ጠብ እያለ 45 ሰከንድ ካለፈና ከመረረ ክፈቱ። የቡናውን መጠን አትንኩ፣ ክሊኩን ብቻ። ሁለቱን ባንዴ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

የሚያደናግረው ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ጊዜው ልክ ሆኖ ጽዋው ባንድ ጊዜ መራራም ጎምዛዛም ሲሆን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አሁንም ያጠብባል፣ ነገሩም ይብሳል። ውሃው በቡናው መሐል ቀዳዳ አግኝቶ በዚያ በኩል እየሮጠ ነው፤ ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቡና ከመጠን በላይ ይታጠባል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። በ2020 እዚያው ሄንደን ያለበት ቡድን ማተር በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳየው ከተወሰነ ደረጃ በላይ ቡናን ማላም ከቡናው የሚወጣውን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ስለዚህ አንድ ሁለት ክሊክ ክፈቱ፣ በመርፌው በደንብ አማስሉ፣ ጊዜው 22 ሰከንድ ቢሆንም ቅመሱና ፍረዱ።

ቡናው ውስጥ እያለ ክሊኩን ማጥበብ ካለባችሁ እጀታውን እያዞራችሁ አጥብቡ፤ ቆሞ ሳለ ከተጠበበ ፍሬው በጥርሶቹ መካከል ይሰነቀርና ማስተካከያው ይጎዳል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ጥርሱን በየጊዜው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ ውሃ አታስነኩት፣ ብረቱ ይዝጋል። ሩዝ ፈጭቶ ማጽዳት የሚባለውንም ተዉት፣ ከቡና ይጠጥራል። ወር ሁለት ወር ሲሆነው ሾጣጣውን አውጡ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ሞላው ከራንዴላው በላይ ነው በታች የሚለው ሲገጠም ያምታታል፣ ተገላብጦ ከገባ ዘንጉ ይላላል። መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ዜሮውን እንደገና ፈልጉ። በፊት 40 ላይ ይፈጭ የነበረው አሁን 43 ላይ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን ጽዋ በድሮው ቁጥር ሳይሆን በአዲሱ ዜሮ ቁጠሩ።