ዓይኔ ውስጥ የምትንሳፈፈው ነገር ትታከማለች ወይ?

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። ቀኑን ሙሉ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ዓይን ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ደግሞ ከነጭ ገጽ በላይ የሚመቸው የለም። ነጭ ግድግዳና ጥርት ያለ ሰማይ ላይም እንደዚያው ጎልቶ ይወጣል። ትንኝ መስሏቸው በእጃቸው የሚያባርሩ ሰዎች አሉ።

የእኔዋ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ናት። በአንድ በኩል ክፍት የሆነች ግራጫ ቀለበት ነች፤ ቀጭን ክር ተንጠልጥሎባታል። ሳነብ ትከተለኛለች። እኔ መስመሩን ጨርሼ ስቆም እሷ ገና መሀል ላይ ናት። ከዚያ ቀስ እያለች ትመጣና ፊደል ላይ ታርፋለች። ክሯ «ሰ» አናት ላይ ጋደም ካለ «ሸ» ታደርገዋለች፤ «ነ»ን «ኘ» ታስመስላለች። ለእኔ ሥራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። «ምንም አይደለም፣ ለምደሽው ትኖሪያለሽ» የሚሉኝን ሰዎች የማልወደው ለዚህ ነው። መልመዱ እውነት ነው፤ ምንም አይደለም ማለቱ ግን ልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓይናችን ሌንስ ጀርባ ያለው ሰፊ ቦታ ቪትረስ በሚባል ጥርት ያለ ጄል የተሞላ ነው። መጠኑ ወደ 4 ሚሊ ሊትር ይጠጋል፤ ከ98 በመቶ በላዩ ውሃ ነው። ቅርጹን የሚያስይዙት ኮላጅን የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጄሉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ክሮቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። የምናየው ክሩን ሳይሆን ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ የሚጥለውን ጥላ ነው። ዓይናችንን ስናዞር ጄሉ አብሮ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ልየው ብለን ስንዞር ይሸሸናል። ብርሃን ሲበዛ ደግሞ የዓይናችን ብሌን ይጠብባል፤ ያኔ ጥላው ይጠራል። ማታ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ቀለበቴን ፈልጌም አላገኛትም።

የእኔዋ ስም አላት፤ የቫይስ ቀለበት ትባላለች። ጄሉ ከሬቲና ሲላቀቅ፣ የዓይን ነርቭ ጋ ተጣብቆ የነበረው ክፍል ክብ ሆኖ ይቀራል። ከ50 ዓመት በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። እንደ እኔ ያለ መነጽር የሩቁን ማየት የሚያቅታቸው ሰዎች ላይ፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ላይ ቀደም ብሎ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የምመርጠው ይሄን ነው። ድንገት አዳዲስ ነጠብጣቦች ከበዙባችሁ፣ ማንም መብራት ሳያበራ ከጎን በኩል ብልጭ ብልጭ ካለባችሁ፣ ወይም ከአንድ ጎን ጥላ መጋረድ ከጀመረ፣ ለነገ አትበሉ። በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ጄሉ ሲላቀቅ ሬቲናን ጎትቶ ሊቀድ ይችላል። ቀዳዳው በጊዜ ከተገኘ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ዙሪያው ይታሸጋል። ሳይታሸግ ቀርቶ ሬቲናው ራሱ ከተላቀቀ ግን ቀዶ ሕክምና ግድ ነው፤ እይታም እንደ በፊቱ ላይመለስ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ አያምም። ሰው ካላመመው አይቸኩልም።

ምርመራው ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይዞ ይጀምራል። ጠብታው እስኪሠራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሐኪሙ ራሳቸው ላይ መብራት አስረው መጡ፤ «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ አሁን ወደ ጆሮዎ በኩል» እያሉ በትንሽ መሣሪያ የዓይኔን ቆብ ጫን አደረጉት። የሬቲናን ዳር ለማየት ነው የሚጫኑት። ብርሃኑ ያስለቅሳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የቅርቡ ነገር ይደበዝዛል፤ መኪና መንዳት የለም። ከሳምንታት በኋላ ድጋሚ መታየትም አለ፤ ቀዳዳ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ትጠፋለች ወይ? የሚያሟሟ ጠብታ ወይም ኪኒን አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ፤ እንደሚሠራ የተረጋገጠለት መድኃኒት የለም። ያግ የሚባል ሌዘር አለ፤ ተንሳፋፊውን ይበታትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንደ እኔ የቫይስ ቀለበት ያለባቸውን 52 ሰዎች ተከታትሏል። ከ6 ወር በኋላ ሌዘር ከተደረገላቸው 54 በመቶው ተሻለን ሲሉ፣ የማስመሰያ ሌዘር ከተደረገላቸው 9 በመቶው ብቻ ነው እንደዚያ ያሉት። ተስፋ ይሰጣል። ግን የሰዎቹም ቁጥር ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው።

ከምር የሚያጠፋው ቪትሬክቶሚ ነው። ጄሉ ራሱ ተቆርጦ ተመጥጦ ይወጣል፤ በምትኩ ፈሳሽ ይገባል። ነገር ግን በተለይ በእኔ ዕድሜ የዓይን ሞራን ያፋጥናል። ሬቲናን ሊቀድም ይችላል፤ አልፎ አልፎ ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ያመጣል። ሐኪሙን «ላሠራው?» አልኳቸው። «ሥራዎን አስትቶዎታል?» አሉኝ። አላስተወኝም። «እንግዲያውስ ጥቂት እንታገስ» አሉኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ሥራ ያስተዋቸው፣ መንዳት ያቃታቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ቀዶ ሕክምናውን ቢመርጡ ቅንጦት ነው የሚላቸው ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

እስከዚያው የኮምፒውተሬን ነጭ ገጽ ፈዘዝ ያለ ግራጫ አድርጌዋለሁ፤ ፊደሉንም አተልቄዋለሁ። ውጭ ስወጣ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ቀለበቷ ፊደል ላይ ስታርፍ ዓይኔን ላይ ታች አደርገዋለሁ፤ ጄሉ ሲነቃነቅ እሷም ገለል ትላለች። ከወር ወደ ወር የማስተውላት እየቀነሰ ነው። አንጎል እየቆየ ሲሄድ ችላ ማለት ይጀምራል፤ በተለይ ካልፈለጓት።

የግራ ዓይኔ ጄል ገና አልተላቀቀም፤ ተራው ሊደርስ እንደሚችል ግን ተነግሮኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንዱን ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በሌላው ግድግዳውን አያለሁ፤ ከዚያ አቀያይራለሁ። በሁለቱም ስናይ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍነዋል፤ በየተራ ሲታይ ነው አዲስ ነገር ቶሎ የሚታወቀው።