ሁለተኛው ሰው

ሰው ከአልጋ አንስቶ ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ ቀላል የሚመስለው በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም አረጋውያንና ሕመምተኞች የሚጦሩበት ቤት፣ የሠራ ሐበሻ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ግማሹ ወገቡን ይዞ ነው የሚያውቀው።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም፣ አንድ ሠራተኛ ታካሚን በእጁ ሲያነሳ ሸክሙ ከ35 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። ወደ 16 ኪሎ መሆኑ ነው። የአንድ መቶ ኪሎ ሰው አንድ እግር ብቻውን እዚያ አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ የኮርኒሱ ሊፍት ሲገጠምልን ደስ አለን። ሐዲዱ ኮርኒስ ላይ ነው፣ ሞተሩ በእሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ኮት መስቀያ የሚመስል ብረት ከላይ ይወርዳል። ስሊንጉን፣ ሰውየውን አቅፎ የሚይዘውን ጨርቅ፣ ከሥሩ ታነጥፋለህ። ሉፕ የምንላቸውን የጨርቅ ማንጠልጠያዎች መንጠቆዎቹ ላይ ታስገባለህ። ትከሻ ላይ አጭሩን፣ እግር ላይ ረጅሙን፣ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀለም። ከዚያ ሪሞቱን ትጫናለህ።

እኛ ቤት ሞተሩን የሚፈራ የለም። የምንፈራው መንጠቆውን ነው።

አንድ ቀን አዲስ መንጠቆ የሠራ ድርጅት ሰዎች መጡ። "ከተጠቃሚዎች አስተያየት ልንሰበስብ ነው" ተባለ። ተጠቃሚዎቹ እኔና እታለም ነን። እታለም የጎንደር ሴት ናት፣ ከሁላችንም በፊት እዚህ ቤት ገብታለች፣ ስሟን የሚጠራት አለቃ ብቻ ነው። ማናጀራችንም መጣች። "እነዚህ የቤታችን ኤክስፐርቶች ናቸው" ብላ አስተዋወቀችን። ባለፈው ሳምንት እታለምን "ሬዚደንቶችን ቁርስ ላይ አዘገየሽ" ብላ በጽሑፍ ያስጠነቀቀቻት ይቺው ሴት ናት።

ኢንጂነሩ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው። ከጓደኞቹ አንዱን አልጋ ላይ አስተኛው። ጓደኛው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እግሩን ባስቀመጡለት ቦታ ትቶ ተኛ። እንዲህ ያለ ሬዚደንት፣ የምንጦረውን ሰው እንዲህ ነው የምንለው፣ አግኝቼ አላውቅም። የኛዎቹ እጃቸውን ይልካሉ። ሲፈሩ ብረቱን ይይዛሉ፣ አንዳንዴ መንጠቆውን ራሱን። ብረቱ ሲወዛወዝ ደግሞ ግንባራቸውን እንዳይመታ አንድ እጃችን ሁልጊዜ እዚያ ነው። ስሊንጉም አዲስ ነው፣ ለስላሳ። የኛ ላውንደሪ ተመላልሶ ሉፑ ጠማማ ሆኗል።

"ቀላል ነው" አለ ኢንጂነሩ። መንጠቆው አፍ ላይ በስፕሪንግ የምትዘጋ ትንሽ መዝጊያ አለች። በሉፑ ሲገፋት ሉፑ ገባ። "ጠቅ ካለ ተዘግቷል ማለት ነው።"

እታለም በአማርኛ ወደ እኔ ዞር አለች። "ይሄ ልጅ ሰው አንስቶ ያውቃል?"

ከዚያ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። "ጠቅ ሲል ማን ይሰማዋል?" ቲቪው ይጮኻል፣ ሰውየው ጆሮው ስለማይሰማ። የኦክሲጅን ማሽኑ ይንጎራጎራል። ከጎን ክፍል የአልጋ አላርም ይጮኻል። እጃችን ላይ ጓንት፣ ጓንቱ ላይ የቆዳ ቅባት አለ። ጣታችንም አይነግረንም።

ልጁ ጻፈ። "ግን 200 ኪሎ ይሸከማል" አለ፣ እንደ ማጽናኛ።

ክብደት ካረፈበት በኋላ ሁሉም መንጠቆ ጎበዝ ነው። የሚያስፈራው ክብደት ሳያርፍበት በፊት ያለው ጊዜ ነው። የግራ ትከሻውን ሉፕ አስገብተህ አልጋውን ዞረህ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ። በዚህ መሃል ሰውየው ይገላበጣል። የግራው ሉፕ ይላላል። ወይ ሾልኮ ይወጣል፣ ወይ መዝጊያዋ ላይ ቁጢጥ ይላል። ቁጢጥ ያለው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሲያዩት የገባ ይመስላል። ለዚህ ነው ሰውየውን ከፍራሹ ትንሽ ብቻ አንስተን ቆም የምንለው። አራቱንም እናያለን። ሁለት ሰው ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ጎን ያያል።

ይሄን ስናስረዳው ልጁ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። በጣም ጥሩ ጥያቄ። "ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

ማናጀራችን ቀደመችን። "እኛ ቤት ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ፖሊሲያችን ነው።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። እታለም የስሊንጉን ጠርዝ እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል፣ በዚያች በራሷ እንግሊዝኛ "ሁለተኛው ሰው እግዚአብሔር ነው" አለች።

ማናጀራችን ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ወደ ግድግዳው ዞሬ። ልጁ አልሳቀም። እስክሪብቶውን አቆመ። "ስለዚህ መንጠቆውን ብቻዎን ነው የሚያስገቡት ማለት ነው?"

እታለም ወደ ማናጀራችን አየች። "እኔ እንደዚያ አላልኩም።"

ከዚያ ወደ እኔ፣ በአማርኛ፦ "አንተ ምን ታፈጥብኛለህ? ተናገር እንጂ!"

እኔም ተናገርኩ። ብዙም አይደለም። "እኔ አሁን ከአልጋው ማዶ ነኝ እንበል። የግራው መዘጋቱን ከዚህ ሆኜ አያለሁ?" አልኩት። ልጁ አልጋውን ዞሮ መጣ። እኔ አጠገብ ቆመ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ አንገቱን አዘመመ። መዝጊያዋ ግራጫ ናት፣ ብረቱም ግራጫ ነው። ምንም አልተናገረም። ያቺን ዝምታ እስካሁን እወዳታለሁ። ከማስተርስ ዲግሪ ጋር ተከራክሮ ማሸነፍ በየቀኑ አይገኝም፣ ለዚያውም በእኔ ደመወዝ።

ከዚያ ቀን የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፦ ዕቃ ከሚሠራ ሰው ጋር ስታወራ አለቃህ ክፍሉ ውስጥ አትኑር። ይሄን ለእታለም ብነግራት አልተስማማችም። "እሷ ባትኖር ለማን ብዬ እናገረው ነበር?" አለችኝ።

ከወራት በኋላ አዲሶቹ መንጠቆዎች ተገጠሙ። የአስተያየቱ ማጠቃለያም በሠራተኞች ክፍል ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። "ሠራተኞች ደመቅ ያለ ቀለም ጠይቀዋል" ይላል። ሉፕ ሲላላ ስለሚሆነው ነገር አያወራም። ብቻውን ስለሚያነሳ ሰው ጭራሽ አንድ ፊደል የለም። እርግጥ ነው፣ መዝጊያዋ አሁን ብርቱካናማ ናት፣ ክፍት ስትሆን ከማዶ ትታያለች። ይሄን አልክድም፣ በጣም ይረዳል። በየሞተሩ ላይ ደግሞ ስቲከር ተለጥፏል። አልጋ ተስሏል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፣ ሁለቱም ፈገግ ብለዋል።

እታለም መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችው። "እነዚህ ሁለቱ የየትኛው ሺፍት ናቸው?"