የእጅ ውሃ

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳልፈው ዘርግተዋል። መዳፋቸው ወደ ላይ ነው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው የሸሚዛቸውን እጅጌ አጥፈዋል። ትሪው ፊታቸው ቀርቧል፤ ጥብሱ ይጨሳል። እሳቸው ግን አይበሉም። ይጠብቃሉ።

እኔ ደግሞ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የአስተናጋጆች ኃላፊ ነኝ። 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀኑ አምና ሐምሌ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። የምረቃ ሰሞን። ይህ ሰሞን ባሕር ዳር ላይ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከዳንግላ፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወረታ ቤተሰብ ይጎርፋል። አበባ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ባጃጁ ሁሉ ይሯሯጣል። ሐይቁ ዳር ያለ ወንበር በሙሉ ይያዛል።

እነዚህ እንግዶች ዘጠኝ ነበሩ። የመጡት ከፎገራ ነው። ተመራቂው ልጅ ጥቁሩን ጋውን እንደለበሰ መሃል ተቀምጧል፣ አባቱ ደግሞ በጠረጴዛው ራስ። እህቶቹ ትሪው ሲቀርብ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ እያነሱ ነው።

በአንድ እጄ ትሪ፣ በሌላው ሦስት ጠርሙስ ይዤ እያለፍኩ ነው ሽማግሌውን ያየኋቸው።

«ምነው አባባ፣ ምግቡ አልተስማማዎትም እንዴ?»

«ኧረ ምግቡስ መልካም ነው። እጄን አልታጠብሁም፣ ልጄ።»

«መታጠቢያው እዚያ ጋ ነው» አልኳቸውና በአገጬ አመለከትኳቸው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄድኩ።

በአገጬ። አባቴ የሚሆኑ ሰው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይሞቀኛል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ። እኔ ሥራ ስጀምር አንድ አስተናጋጅ መጀመሪያ የሚማረው ትእዛዝ መቀበል አልነበረም። ማስታጠብ ነበር። ማስታጠቢያውን በግራ እጅ፣ ጆጉን በቀኝ፣ ፎጣውን ክንድ ላይ። ውሃው ለብ ያለ መሆን አለበት። ከትልቅ ትጀምራለህ። ጎንበስ ትላለህ። ውሃውን ቀስ አድርገህ ታወርዳለህ፣ «በቃኝ» እስኪሉህ ድረስ። ጠረጴዛው ላይ ማን አባት እንደሆነ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ፣ ማን ልቡ እንዳዘነ የምታውቀው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለው ለእኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። እንግዳው ፊትህን የሚያየው ያኔ ነው፤ ፍትፍቱ ገና ወጥ ቤት ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጨባበጥ ቀረ። ጉርሻ ቀረ። በክርን ሰላም መባባል ተጀመረ። እኛም በራፉ ላይ በእግር የሚረገጥ መታጠቢያ አስተከልን። ጆጉና ማስታጠቢያው ዕቃ ቤት ገቡ።

በሽታው ጋብ ሲል ማስኩ ወለቀ። መጨባበጡ ተመለሰ፣ ትከሻ መገጫጨቱም ተመለሰ። ጆጉ ግን ዕቃ ቤት ቀረ። ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው የለም። ዝም ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተቀጠሩት ልጆች ማስታጠብ የሚባል ነገር በሥራቸው ውስጥ መኖሩንም አያውቁም።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ጠረጴዛው ሁሉ ቆመ። አባት ሳይቀመጥ ማን ይቆርሳል? የእንጀራው ዳር እየደረቀ ነው። የጥብሱ ቅባት መርጋት ጀምሯል። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ።

መታጠቢያው ጋ ደረሱ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ሳሙናውን አነሡ። ከዚያ ቧንቧውን ፈለጉ። የሚዞር ነገር የለውም። አንገቱን ዳሰሱት፣ ከጎኑ ዳሰሱት። የሚከፈተው በእግር ነው፤ ፔዳሉ ከታች ነው፣ አይታይም። ደረቅ ሳሙና በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ከኋላቸው ሁለት ወጣቶች ተሰልፈዋል። አንደኛው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ሌላው ስልኩን ያያል። እኔ ከሩቅ አያለሁ፣ በእጄ ግን ሒሳብ ይዣለሁ። «አሁን ያገኙታል» ብዬ አሰብኩ።

ከወጥ ቤት የወጡት እትዬ ናቸው። ዕቃ አጣቢያችን ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በመስኮቱ አይተው ኖሮ የመጠጥ ውሃ የምናቀርብበትን ጆግና አንድ ሳፋ ይዘው መጡ። ሽማግሌውን ከሰልፉ ወጣ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አስታጠቧቸው። ስለ ፔዳሉ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እጅሽ ይባረክ» አሏቸው ሽማግሌው።

በኋላ እትዬን ጠየቅኳቸው። «ፔዳሉን ለምን አላሳዩዋቸውም? ይቀል ነበር እኮ።»

እትዬ አዩኝ። «በሰው ፊት? ሽማግሌ ሰው ያ ሁሉ እያየው ቧንቧ መክፈት ይማራል እንዴ?»

እኔ 11 ዓመት ስሠራ ይህ አልታየኝም ነበር። ነገሩ የውሃ ብቻ አልነበረም። ለሰውየው ክብር ነበር።

ሽማግሌው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሦስት ጎልማሶች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኖር!»

«በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር፣ ተቀመጡ!» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን እያነሡ።

ቤታችን ውስጥ «ኖር» ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! ልጅ ሆኜ እናቴ በቁንጥጫ ነበር የምታስነሣኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሲገባ ቢበዛ ከስልካችን ቀና እንላለን። የዛሬ ልጆች ባለጌ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ እንደዚያ ብዬም አላምንም። በቁንጥጫም ሆነ በፍቅር ያሳያቸው የለም እንጂ።

ሄጄ አጎነበስኩ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነበርኩ ላስታጥብዎት የሚገባኝ።»

«ምን አጠፋህና? ይልቅ አንተ በልተሃል?»

ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ጠዋት ከጠጣሁት ሻይ ሌላ የቀመስኩት የለም። በቀን ስንት ሰው ያናግረኛል። ሒሳብ ይጠይቁኛል፣ ዋይፋይ ይጠይቁኛል፣ ዓሣው ዛሬ የተጠመደ ነው ወይ ይሉኛል። «በልተሃል?» የሚለኝ ጥቂት ነው።

«ና እንብላ» አሉና ጠቀለሉ። ከጥብሱ ሥጋውን መርጠው፣ አዋዜ ነካ አድርገው፣ ትልቅ ጉርሻ። «በሞቴ!»

ሠራተኛ ከእንግዳ ማዕድ እንዳይቀምስ የሚከለክል ደንብ አለን። ጥሩ ምክንያት አለው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ካውንተሩ ጋ ቆሞ ያያል። የሽማግሌው እጅ ፊቴ ተዘርግቷል። ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቀድሞ ውሃ ሲጠብቅ የዋለ እጅ ነው፤ አሁን ደግሞ የእኔን አፍ ይጠብቃል።

ጎንበስ ብዬ ጎረስኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ልጆቹ ሳቁ። ተመራቂው ወንበር ሊስብልኝ ተነሣ። አልተቀመጥኩም፣ ሥራ ላይ ነኝ። ግን ቆሜ እያላመጥኩ ስለ እንጀራው አወራን። የእሳቸው አገር እንጀራ ሩዝ ይገባበታል። «የእናንተው ጤፍ ብቻ ነው፤ መልካም ነው። የእኛን ግን አንድ ቀን ቅመስ» አሉኝ።

በልተው ሲጨርሱ ዕቃ ቤት ገብቼ ጆጉንና ማስታጠቢያውን አወጣሁ። አቧራውን አጥቤ፣ ውሃውን ለብ አድርጌ ይዤ መጣሁ። ማስታጠብ ልጀምር ስል ተመራቂው ብድግ አለ። ጋውኑን በአንድ እጁ ሰብስቦ ጆጉን ከእጄ ወሰደ። «እኔ ላስታጥበው» አለ። እኔ ማስታጠቢያውን ያዝኩ፣ እሱ ውሃውን አፈሰሰ። አባቱ ቀና ብለው አላዩትም። እጃቸውን ብቻ ቀስ ብለው አሹ፣ አሹ። «በቃኝ» ለማለት ቆዩ።

ማታ ባለቤቱ ጠራኝ። አልተቆጣም። «ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ» ብቻ አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ስለ ጆጉ አወራን። እሱም የሚለው አለው። ጆግ ጊዜ ይፈጃል፣ ወለል ያረጥባል፣ ቤቱ ሲሞላ ሰው አይበቃም። ደግሞም በሳሙና፣ በሚፈስ ውሃ፣ ሳይቸኩሉ መታጠብ እጅ ላይ ጠብ ከሚል የጆግ ውሃ ይሻላል። ይህን አልክድም። መታጠቢያው ይነሣ አላልኩም።

የተስማማንበት ይህ ነው። መታጠቢያው ይቆያል። ለሽማግሌና ለአሮጊት፣ ሕፃን ለታቀፈች እናት፣ መራመድ ለሚቸግረው ሰው ግን ጆጉ ከነሳሙናው ይቀርባል። ሌላው እንግዳ መታጠቢያው የት እንደሆነ ከጠየቀ በጣትም በአገጭም አናመለክትለትም። «ይምጡ» ብለን አብረን እንሄዳለን። ፔዳሉንም ራሳችን ረግጠን ውሃውን እንከፍታለን። አሥር እርምጃ ናት። ስንቆጥባት የኖርነው አሥር እርምጃ።

ሁሉም ነገር ተቃና ማለቴ ግን አይደለም። ከወር በኋላ አንድ እሑድ ሰው አጥሮን እትዬ ራሳቸው ጆጉን ይዘው ወጡ። አንዲት አሮጊት አስታጠቡና አጠገባቸው ወዳለው የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ዞሩ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ልጁ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ኧረ አይሆንም! ኧረ በፍጹም!» አለና እየሮጠ ወደ መታጠቢያው ሄደ።

እትዬ ጆጉን እንደያዙ ቀሩ። ወጥ ቤት ገብተው ዝም አሉ። «የዕቃ አጣቢ እጅ ተጸይፎ ነው» አሉኝ በመጨረሻ።

ልጁን ሄጄ አናገርኩት። ደነገጠ። «እናቴ የምትሆን ሴት ጎንበስ ብላ እኔን ታስታጥበኝ? ነውር አይሆንም?» አለኝ። ትክክል ነው። በወጉ የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። ልጁ አክብሮ ሸሸ፣ እትዬ ተናቅሁ ብለው አዘኑ። አንዱን ወግ ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን በመካከላቸው አንድ ቃል አልተባለም። ልጁ ወጥ ቤት በር ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ አፈር ልሁንልዎት፣ አፍሬ ነው» አላቸው። እትዬ ሳቁና «ሂድ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አሉት።

የሽኝቱን ነገር ዘልያለሁ፣ እሱን ልጻፍ።

ያን ቅዳሜ የፎገራዎቹ ሲወጡ ሥራውን ለልጆቹ ትቼ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። በአገራችን እንግዳ ከበር አይመለስም፣ ይሸኛል። እኛ ግን ሒሳብ ከተቀበልን በኋላ ጀርባውን ነው የምናየው። ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሯል። መንገዱን መሻገር አለባቸው። ዜብራው ላይ ቆምን። አንድ መኪና አለፈ፣ ሌላው ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ፈጠነ።

የቆመልን ብስክሌተኛ ነው። ባሕር ዳር ድሮም የብስክሌት ከተማ ናት። ልጁ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ከኋላው የመጣው ባጃጅም ቆመ። ሽማግሌው መሃል መንገድ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «እንደምን ዋልህ ልጄ? ተባረክ» አሉት። ልጁ ቸኩሎ እንደሁ አላውቅም። ሽማግሌው እስኪሻገሩ ግን እጁን አላወረደም።

ማዶ ተመራቂው ባጃጅ አስቆመ። «መናኸሪያ ስንት ነው?» ሊል አፉን ሲከፍት አባቱ ቀደሙት። ጎንበስ ብለው ሾፌሩን አዩት። «ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ውለሃል? ሥራ እንዴት ነው?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። እርስዎስ?» አለና ወርዶ ከዘራቸውን ተቀበላቸው። ዋጋ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝናቡ መጣል ጀመረ። የቀሩት በሌላ ባጃጅ ገቡ። እሳቸው የፕላስቲኩን መጋረጃ ገለጥ አድርገው «ግባ በቃ፣ ዝናብ መታህ እኮ» አሉኝ። አልገባሁም። ባጃጁ ዘንባባዎቹን አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ ቆምኩ።