የሆስፒታል ካርድ ክፍል እንዴት እንደቀየርንና ከሱ የተማርኩት

የመንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ስብሰባ ላይ "ለውጥ" የሚል ቃል ሲነሳ ሰራተኛው አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው የሚለው። ምክንያትም አለው። ቢፒአር የሚባለው የስራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ድልድል ሲባል ስንቱ ሰው ቦታ ላጣ ነው እያለ በሃሳብ ከረመ፣ ቀጥሎ ቢኤስሲ የሚባለው የዕቅድና የውጤት መለኪያ መጣና የሚሞላው ፎርም በዛ፣ ከዛ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የስራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ከዛ ሰራተኛውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው 1ለ5። እኔ በአንድ የመንግስት ሆስፒታል የጥራት ክፍል ሃላፊ ሆኜ ካርድ ክፍሉን አስተካክል ስባል እዛ ያሉት ሰዎች ይሄን ሁሉ አይተው የጨረሱ ነበሩ።

ካርድ ክፍል ቀላል ቦታ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ከገጠር በሌሊት ተነስቶ የመጣ የስኳር ታካሚ ካርድህ የለም ሲባል አዲስ ካርድ ይወጣለታል፣ አዲስ ካርድ ማለት ደግሞ ሐኪሙ ያለፈውን ምርመራ ሳያይ፣ መድሃኒቱ መቼ እንደተጨመረ ሳያውቅ ያክመዋል ማለት ነው። ስለዚህ የጠፋ ካርድ የአስተዳደር ጉዳይ አይደለም፣ የህክምና ጉዳይ ነው፣ እኔም ነገሩን ከልቤ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ። ለአንድ ታካሚ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎልደር፣ ስሙን የምትፈልግበት ማውጫ ካርድ፣ ፎልደሩ ሲወጣ ደግሞ ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ ትሬሰር ካርድ በቦታው ይገባል። ትሬሰሩ ታትሞ በካርቶን ተቀምጧል፣ የሚጠቀምበት ግን የለም። ማኔጅመንት ላይ ስትጠይቅ መልሱ ያው የተለመደው ነው፣ "ሰራተኛው የአመለካከት ችግር አለበት"።

እኔ ስልጠና አላዘጋጀሁም። ጠዋት ጠዋት እዛው ገብቼ ከነሱ ጋር ፎልደር ማውጣትና መመለስ ጀመርኩ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። መደርደሪያው ለዓመታት ማንም ያልነካቸው ፎልደሮች ተጠቅጥቀውበት ጣት እንኳን አያስገባም፣ ስለዚህ የተመለሰ ካርድ ቦታው ላይ መግባት ሲያቅተው ከላይ በአግድሙ ይጣላል፣ በማግስቱ "ጠፋ" የሚባለው እሱ ነው። ትሬሰር ላይ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ ክፍል፣ የወሰደው ሰው ስም ይፃፋል፣ መስኮቱ ላይ ግን ሰው ተሰልፎ ይጮሃል፣ ከኦፒዲ፣ ከተመላላሽ ህክምናው ማለት ነው፣ የመጣው ተላላኪ "ዶክተሩ እየጠበቀኝ ነው" ይላል፣ በዚህ መሃል አምስት ነገር የሚፅፍ ሰው ከየት ይመጣል? ለክፍሉ አንጋፋ የሆኑትን እናት "ይሄን ለምን አትናገሩም እማዬ?" ብላቸው "ልጄ፣ እኛን ካርዱ የት ገባ ብለው ይጠይቁናል እንጂ ለምን ጠፋ ብሎ የጠየቀን አለ እንዴ?" አሉኝ።

ከዛ በኋላ ቀድሜ ያነሳሁት የነሱን ችግር ነው። በቀን ውስጥ በጣም የሚያማርራችሁ ምንድነው አልኳቸው። አቧራው፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለመድረስ የሚወጡበት የሚወዛወዝ ወንበር፣ መስኮት ላይ የሚሰደቡት ስድብ። መሰላል በግዢ ልጠይቅ ብል የበጀት ዓመቱ ያልቃል፣ ስለዚህ ጥገና ክፍል ሄጄ ለመንኳቸው፣ እነሱም ከተጣለ አልጋ ብረት መሰላል በየዱልን። ማስክና ጋውን ከመጋዘን ወጣ። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን መሰላሉ በገባ ጊዜ የሰዉ አቀራረብ ሲቀየር በአይኔ አይቻለሁ፣ እስከዛ ድረስ እኔም ሪፖርት ሰርቶ የሚሄድ ሰው ነበርኩ ለነሱ።

ካይዘን ስላቸው ግን "ይሄ የፋብሪካ አይደለም እንዴ?" ያሉኝ ነበሩ፣ ጥያቄውም ትክክል ነው፣ አገራችን ላይ በጃፓን ድጋፍ ሲጀመር በሙከራ የገባው 30 ድርጅቶች ላይ ነው፣ የካይዘን ኢንስቲትዩቱም የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም ነው። እኔ ታዲያ የስሪላንካውን ነገርኳቸው፣ ኮሎምቦ ያለው የካስል ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2000 ዕቃ ከመለየትና ቦታ ከማስያዝ ጀምሮ ለሌሎች አገር ሆስፒታሎች ምሳሌ እንደሆነ። የነሱ ዓይነት ሆስፒታል፣ የነሱ ዓይነት ጥበት። ከዛ አምስቱን "ማ" ይዘን ገባን፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ትልቁ ስራ ማጣራቱ ነበር፣ የቆዩትን ፎልደሮች ለይተን በቁጥር ተራቸው ሌላ ክፍል አስገባን፣ መደርደሪያው ተነፈሰ።

የትሬሰሩን መላ ያመጣው ተላላኪው ልጅ ነው። ለየክፍሉ የተለያየ ቀለም እንስጠው፣ ቢጫ ከሆነ ኦፒዲ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ ክትትል ክሊኒክ ነው፣ የሚፃፈው ቁጥሩና ቀኑ ብቻ ይሁን አለ። ሆነ። ማታ ላይ መደርደሪያውን በአይን ስታይ የቱ ክፍል ካርድ እንዳልመለሰ ከሩቅ ይታይሃል፣ ሄደህ ትሰበስባለህ። በኋላ ከቢሮ ጎብኚ ሲመጣ እንዲያስረዳ ያደረግነው እሱን ነው። አንዳንድ ሃላፊ ደስ አላለውም፣ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም፣ ሃሳቡ የሱ ነው፣ የሚናገርለትም እሱ መሆን አለበት። ከዛ ወዲህ ከልብስ እጥበት ሳይቀር ሃሳብ መጣልን። የወሩ ምርጥ ሰራተኛ ብሎ ፎቶ መለጠፍ ላይ ግን ብዙም እምነት የለኝም፣ በጋራ የተሰራን ስራ ለአንድ ሰው ሰጥተህ ሌላውን ታስቀይማለህ።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ካርድ መሳቢያቸው ውስጥ ከሚያቆዩ ሐኪሞች ነው። ተጨቃጭቀን አልነበረም የፈታነው። ጠዋት የሞርኒንግ ስብሰባ ላይ ያልተመለሰውን ካርድ በየክፍሉ አቀረብን፣ የሰው ስም ሳንጠራ፣ እንዲሁም ካርዱ ስላልተገኘ ያለ ታሪኩ የታከመ ታካሚ ሲኖር ጉዳዩን አነሳን። ሐኪም ስለ ታካሚው ሲነገረው ይሰማል።

ስለ ዕቅድም ልበል። ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦትና ሰኔ ላይ የዕቅድ ሩጫ አለ፣ ብዙ ቦታ ያምናው ፋይል ተከፍቶ ዓመተ ምህረቱ ይቀየርና ፐርሰንቱ ትንሽ ይጨመራል። ካርድ ክፍሉ የራሱን ግብ ራሱ ያውጣ ብዬ ተከራከርኩ፣ እነሱም ያወጡት አንድ ነገር ነው፣ የወጣ ካርድ በዕለቱ ተመልሶ ቦታው ይግባ። አንድ መስመር። የቢኤስሲ ፎርሙን፣ ክብደቱን ምናምኑን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ያ የኔ ስራ እንጂ የነሱ አይደለም። ራሱ ያወጣውን ግብ ሰው ይከታተለዋል፣ ከላይ የወረደለትን ግን ሪፖርት ሲደርስ ነው የሚያስታውሰው።

ማዝለቁ ላይ አሁንም ትግል ነው። ሰው ይለቃል፣ ስራ አስኪያጅ ይቀየራል። እኛ ያደረግነው አዲስ የሚቀጠር ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱን በነባሮቹ እንዲሰለጥን ነው፣ በሺፍት መቀያየሪያም የርክክብ መዝገብ አለ፣ ያልተመለሰ ካርድ እዛ ላይ ይፃፋል።

አሁን ደግሞ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። አልቀረም፣ ሶስት ካርድ ያለው ሰው ሳይጣራ ከገባ ሲስተሙም ላይ ሶስት ሰው ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ ያን የሚለዩት ደግሞ ማውጫውን በእጃቸው የሚያውቁት እነዚሁ የካርድ ክፍል ሰዎች ናቸው። ከማኔጅመንት ጋር የያዝኩት ክርክርም ይሄ ነው፣ ሲስተሙ ሲገባ እነሱ የት እንደሚመደቡ ኮምፒውተሩ ከመገዛቱ በፊት ቁጭ ብለን በግልፅ እንንገራቸው።